ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያማቸው እናት

«ይሄ የመርዝ ምልክት ነው» አለ የጤና መኮንኑ ሔኖክ።



ወይዘሮ ብዙአየሁ የጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ናቸው። ሲመጡ ዓይናቸው ያነባ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን በመድኃኒት ትንሽ ተረጋግተዋል።

ልጃቸው ሐዳሳ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ... ለእማዬ ምን ሰጥተዋት ነው?»

አቶ ኩማ ክው አሉ። «እኔ? ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ?»

እውነቱን ለመናገር የሚኖሩበት የቱላ ጎረቤትም ከጠረጠረ ቆይቷል። ሴትዮዋን የሚያማቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ነዋ! ባልየው ደግሞ ዓርብ ዓርብ ቲማቲማቸው ላይ ፀረ ተባይ ይረጫሉ።

ጸሎትም ተደርጓል... ይሻላቸውና በሳምንቱ ሕመሙ ይመለሳል።

ግን አቶ ኩማ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ማስክ፣ ጓንት፣ ቦቲ... ሰፈሩ «ጨረቃ ላይ ሊወጣ ነው» እያለ ይስቅባቸዋል። ኬሚካሉንም ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት።

ሔኖክ ወደ እናትየው ጠጋ አለ።

«እናቴ፣ እርስዎም ይረጫሉ?»

«ኧረ እርሻው ጋ ድርሽ አልልም! ርጭት የወንድ ነው።»

«ታዲያ ዓርብ ምን ሲሠሩ ይውላሉ?»

«የሱን ቱታ አጥባለሁ። ኬሚካሉ ቶሎ አይለቅም፣ በደንብ ማሸት ነው።»

«በጓንት?»

«ለልብስ እጥበት?» ሳቃቸው መጣ።

«በዚያው ቀን ይታጠብ ያለዎት ማነው?»

በኩራት ወደ ልጃቸው ጠቆሙ።

«እሷ ናታ! ግብርና ተመርቃለች እኮ። ሰፈሩን ያሠለጠነችው እሷ ናት። ‹ልብሱ ሳያድር ይታጠብ› ብላ።»

ሐዳሳ ያን ሥልጠና አስታወሰች...

ሥልጠናው ላይ አርባ ወንዶች ነበሩ። ሴት አልተጠራችም፤ ሴት አትረጭማ! ልብሱን ማን እንደሚያጥበው ደግሞ ጠያቂ አልነበረም። እሷም ብትሆን የቤታቸውን ልብስ ማን እንደሚያጥብ ጠፍቷት አይደለም።

«አባዬ... በከንቱ ጠረጠርኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች።

እናትየው ተርፈዋል። ሐዳሳም በሳምንቱ ሁለተኛ ሥልጠና ጠራች... ሚስቶቹን።

ትምህርቱ፦ ጥንቃቄው የሚረጨውን ሰው ብቻ ከጠበቀ፣ መርዙ እጅ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ልብሱ ላይ የቀረው ኬሚካል በቆዳ በኩል ሰውነት ውስጥ ይገባልና፣ የርጭት ልብስ ከሌላው ተለይቶ፣ በራሱ ሳፋ፣ በጎማ ጓንት ይታጠብ። የረጨው ሰው ራሱ ቢያጥበውስ ምን ይለዋል?

እስቲ ፍረዱ... ጥፋቱ የማን ነው? የአባት፣ የልጅ፣ ወይስ «ይሄ የሴት ሥራ ነው» ብለን ዞር ብለን የማናየው የሁላችንም? ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።