የጓድ ዘውዴ መጠባበቂያ

ጓድ ዘውዴ የሸዋ ሮቢት ካድሬ ነበር። በአየር ወለድነቱ ዘመን አርባ ሁለት ጊዜ ከአውሮፕላን ዘልያለሁ ይል ነበር። እውነቱ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም ገፍተውት።

ወሬው እሱ ካሰበው በላይ ርቆ ሄደ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ ጓድ ዘውዴ ቀይ ባንዲራ ይዞ ሕዝብ ፊት ከሰማይ ይወርዳል። እምቢ ማለት አርባ ሁለቱን መካድ ሆነበት። «ለአብዮቱ ሲባል!» ብሎ ተቀበለ። ቤቱ ሲደርስ አልጋው ላይ ቆሞ ቁልቁል አየና ቀስ ብሎ ወረደ።

በሮቢት ፓራሹት ማጠፍ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሸሪፍ ይባላል። ሃያ ዓመት ለጦሩ ፓራሹት ሲያጥፍ ኖሮ፣ እግሩ ቢታመምበት ተሰናብቶ ገበያው ዳር ልብስ ይሰፋል። የሸሪፍን ታናሽ ወንድም ሐሚድን «ማሽላ ደብቀሃል» ብሎ ያሳሰረው ደግሞ ራሱ ጓድ ዘውዴ ነው። ሐሚድ ከታሰረ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ማሽላው እስካሁን አልተገኘም።

ከተማው ይህን ያውቃል። ዕቃው ከጦር ሰፈር መጥቶ ሸሪፍ ሱቅ ሲራገፍ ገበያተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

የመጣው አንድ የጀርባ ፓራሹትና ሁለት መጠባበቂያ ነው። መጠባበቂያው ደረት ላይ ይታሰራል፤ የጀርባው እምቢ ካለ በእጅ ተስቦ ይከፈታል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው።

«ስንት ኪሎ ይመዝናሉ ጓድ?» አለ ሸሪፍ።

«ሰባ።»

ሸሪፍ የጓድ ዘውዴን ሆድ አየ።

«ዘጠና ሁለት» አለ ጓድ ዘውዴ።

«እንግዲያው ትልቁን ይያዙ። ትንሹ ቶሎ ይከፈታል፤ እርስዎን ግን መሬት ላይ ይፈጠፍጥዎታል።»

ጓድ ዘውዴ፣ ሸሪፍ ትልቁን ስላለ ትንሹን ሊወስድ አሰበ። ቀጥሎ ደግሞ «እንዲህ እንዳስብ ፈልጎ ቢሆንስ?» አለ በልቡ። ትልቁን ወሰደ።

«ፀሐይ አያግኘው፣ እርጥበት አይንካው፣ ቅባት አይቅረበው» አለ ሸሪፍ ሲያስረክበው።

ጓድ ዘውዴ መጠባበቂያውን አልጋው ሥር አስቀምጦ በሩ ላይ ታጣቂ አቆመ። ከእሱና ከባለቤቱ ከሮማን በቀር ወደዚያ ክፍል ዝር የሚል የለም። በየገበያው ቀን ራሱ ተሸክሞ ሸሪፍ ሱቅ አምጥቶ ያስፈትሸዋል። ሮማንም አብራው ትመጣለች። «በር መታኝ» እያለች ሻሿን እስከ ዓይኗ አውርዳ ታስራለች።

«እንዲህ ከታጠፈ በእርግጥ ይከፈታል?» ብላ ጠየቀች አንድ ቀን።

«ይከፈታል፣ እትዬ ሮማን።»

ጓድ ዘውዴ በባለቤቱ አሳቢነት ኮራ።

በመጀመሪያው ሳምንት የመዝጊያው ሽቦ ተጣሞ ተገኘ። ሸሪፍ አቀናው። በሁለተኛው ጨርቁ በውስጥ በኩል ረጥቦ ነበር። ሸሪፍ ጥላ ውስጥ ሰቅሎ አደረቀውና እንደገና አጠፈው። በሦስተኛው ገመዶቹ በቀጭን ጥቁር ክር እርስ በርስ ተሰፍተው ተገኙ።

ጓድ ዘውዴ ሽጉጡን መዘዘ።

«ክር! በዚህ ከተማ ክር ይዞ የሚውል ማነው?»

«መርፌና ክር የሌለበት ቤት የለም፣ ጓድ።»

«ያበላሸኸው አንተ! ያገኘኸውም አንተ! ልታሾፍብኝ! አሁኑኑ እስር ቤት ባስገባህ ደስ ይለኝ ነበር!»

«ማን ያጥፍልዎታል?»

ጓድ ዘውዴ ሽጉጡን መለሰ። ሸሪፍ ክሩን አንድ በአንድ በጥርሱ በጠሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓድ ዘውዴ መጠባበቂያውን አቅፎ መተኛት ጀመረ።

ወሬው ገበያውን ሞላው። ሽማግሌው ነጋዴ ሙሳ ቀሚስ የሚያሰፋ መስሎ ሱቁ ገባ።

«አላህ እጅህ ላይ ጣለልህ» አለው በሹክሹክታ።

«እኔ ሥራዬን አውቃለሁ፣ አባባ ሙሳ።»

ሙሳ ይህን እንደ ቃል ኪዳን ወስዶ ለከተማው አዳረሰው።

የበዓሉ ቀን ሕዝቡ በየቀበሌው ተሰልፎ ሜዳ ወጣ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ የደረቀበት ዓመት ነበር፤ ቆሞ መዋል ያቃተው ብዙ ነው። ግን ማንም አልቀረም። በሽተኛ እንኳ በቃሬዛ መጣ።

አውሮፕላኑ ከደብረ ሲና በኩል ብቅ አለ። አንድ ጥቁር ነገር ከሆዱ በግንባሩ ተደፍቶ ወጣ። እንዲያ ተደፍቶ በመውጣቱ የጀርባው ፓራሹት ገመዱ ተጠምዝዞ እንደ ተጨመቀ ልብስ ቀረ።

ሁሉም ዞሮ ሸሪፍን አየ። ሸሪፍ ሰማዩን ያያል። ሮማን ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

«ስትጸልይለት እዩዋት፣ ታሳዝናለች» አሉ ሴቶቹ።

መጠባበቂያው ተከፈተ። ነጭ ሆኖ፣ ሙሉ ሆኖ፣ አንዲት እጥፋት ሳትቀር ተከፈተ። ጓድ ዘውዴ ተንሳፍፎ መጥቶ በመንግሥት እርሻው መስኖ ቦይ ውስጥ ቁጭ አለ። ሕዝቡን ማጨብጨብ እንዳለበት ታጣቂዎቹ አስታወሱት።

ጓድ ዘውዴ ጭቃውን እያንጠባጠበ ስለ ከሸፈው የፀረ አብዮተኞች ሴራ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። ከዚያ ሸሪፍን በሕዝብ ፊት አቅፎ ሳመው።

«ጠርጥሬህ ነበር፤ በድዬሃለሁ!» አለው። «የወንድምህም ጉዳይ ይታያል።»

ጉዳዩ ይታያል ሲል ይህ ስድስተኛው ነው።

ሙሳ ሸሪፍን ሰላም ሳይለው አለፈ። ሸሪፍ እያነከሰ ሱቁ ተመልሶ ማሽኑ ላይ ተቀመጠ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሮማን ብቻዋን መጣች። የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ሻሿን ከበለዘው ዓይኗ ላይ ገለጥ አደረገች።

«ጋሼ ሸሪፍ፣» አለች፣ «ሦስት ጊዜ አበላሸሁት፤ ሦስት ጊዜ ጠገኑብኝ። ምን በደልኩዎት?»