ቫልቩን ማን አመጣው?

የአባቱ መኪና አደባባይ መሀል ሞተሯ ጠፍቶ በጭነት መኪና ተገጨች። አባትየው እግራቸው ተሰብሮ ተኝተዋል። ትናንት ከጀርመን የገባው ልጃቸው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ይጮሃል።

“ይህን ቫልቭ የገጠምከው አንተ ነህ? ቱርቦው የጨመቀውን አየር እያፏጨ ወደ ውጭ ይተፋዋል፤ ሞተሩ ግን አየሩ ያለ መስሎት ቤንዚን ይረጫል! ነዳጅ መስጫውን ስትለቀው ታፍኖ ይጠፋል። ለፉጨት ብለህ ሰው ልትገድል?”

መካኒኩ ዘርጋው እጁን በጨርቅ ጠረገ። “ሦስቴ ልፍታው ብያቸው ‘እንዳትነካት’ አሉኝ፣ ወንድሜ።”

“ማን አባቱ ነው ያመጣላቸው?”

ዘርጋው ከመደርደሪያው ቫልቩ የመጣበትን ባዶ ካርቶን አውርዶ ሰጠው። ክዳኑ ላይ ልጁ ገና ተማሪ ሳለ በገዛ እጁ የጻፈው አለ፦ “አባዬ፣ ይህን ያስገጥሙ፤ መምጣትዎን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።”