የነቀዝ መድኃኒት

ማሽላውን ነቀዝ ሲጀምረው ሙላው ከከተማ መድኃኒት ገዝቶ መጣ።

«ጎታው ውስጥ ጨምሬ ቤቱን ልዘጋው ነው» አላት ሚስቱን አንጓችን። «ሽታው ሰው ይገድላል። እናትሽ ዘንድ ሂጂ፤ አደራሽን፣ እስክልክብሽ እንዳትመጪ።»

አንጓች ልብሷን ቋጥራ ሄደች። ሳምንቱ አልፎ ሌላው ሲተካ የሙላው ድምፅ ጠፋ። «መድኃኒቱ እሱኑ ጥሎት ይሆን?» እያለች ስትሰጋ ከረመችና፣ አንድ ማለዳ ተነስታ ወንዙን ተሻግራ እየሮጠች ቤቷ ደረሰች።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የእጇ እንሶስላ ገና ያልደበዘዘ አንዲት ወጣት ሴት ከጎታው ማሽላ እየዘገነች ሰፌድ ላይ ትገለብጣለች።

«ሙላው ደህና ነው?» አለች አንጓች እያለከለከች።

«ደህና ነው፤ ግቢ እንጂ! ባለቤቱ ነኝ። የፊተኛዋን ሚስቱን እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የነቀዝ መድኃኒት ነው የገደላት።»

አንጓች የበሩን መቃን ያዘች። ያን ጊዜ ሙላው ከጓሮ ብቅ አለ። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሱም ወደ ሙሽራዪቱ ዞረ።

«አትደንግጪ» አላት፤ «የሟች እህት ናት። ለቅሶ ልትደርሰኝ መጥታ ነው።»