የሌንሱ ክዳን

ፎቶ አንሺው ጎረቤቱን ጋሽ ድንበሩን ሊያነሳ የሄደው ሕመሙ በጠናባቸው ሰሞን ነበር። በሽተኛ ፊት ላይ ካሜራ መደቀን ነውር መስሎ ስለታየው አጭሩን ቴሌፎቶ፣ ዘጠና ሚሊሜትሩን ሌንስ መረጠ፤ ከአልጋው ራቅ ብሎ ፊታቸውን ብቻ ያመጣለታል። በአሮጌው ካሜራው አንሺው የሚያየው ከሌንሱ በላይ ባለች ሌላ መስኮት እንጂ በሌንሱ በኩል አይደለም። ፊታቸው ጥርት ብሎ ታየው፤ ደጋግሞ አነሳቸው። ቤቱ ሲገባ ግን የሌንሱ ክዳን እንደተገጠመ አገኘው።

በማግስቱ ሊመለስ ሲነሳ የለቅሶ ድምፅ ሰማ።

ለባለቤታቸው ለእትዬ አሰገደች፣ "ፊልሙን አጣቢው አቃጠለብኝ" አላቸው። ከዚያ ወዲህ በደጃቸው ማለፍ አቅቶት በዙሪያ መንገድ ይሄድ ጀመር።

የጋሽ ድንበሩ አርባ ሲቃረብ እትዬ አሰገደች ራሳቸው ስቱዲዮው ድረስ መጡ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

"እትዬ፣ ያ ፎቶ..."

"ተወው ልጄ። እሳቸው እኮ ያን ዕለት አይተውታል። 'ክዳኑን ሳይከፍት ሲለፋ ዋለ' ብለው እየሳቁ ነገሩኝ።"

"ታዲያ እሳቸው ምነው ዝም አሉኝ?"

"'ልጆቼ በዚህ ፊቴ እንዳያስታውሱኝ' ብለው ነዋ።"

ከነጠላቸው ጫፍ የጋሽ ድንበሩን የጎልማሳነት ጉርድ ፎቶ ፈትተው ሰጡት። "ለአርባቸው ይቺን አሳድግልኝ።"

ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው። እሳቸው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"አጣቢው ግን ምን አደረገህ?"