ቻካራ በሠርጌ ቀን

አባ ክሌመንስ ሙሽራው ሲቢ አንገቴ ላይ የሚያስረውን የወርቅ ማተብ ባርከው እጁ ላይ ሲያኖሩለት፣ አንድ ድምፅ የዝናቡን ጩኸት ሰንጥቆ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይገባል። «ቻካራ! ኧረ ቻካራ ወጣ!»

ከኋላዬ አግዳሚ ወንበር ሁሉ ይንኳኳል። ሙሽራ ዞር ብላ ማየቷ ነውር ነው፤ እኔ ግን ዞርኩ። የኛ ሰፈር ወንዶች ከፊሉ በበር፣ ከፊሉ በመስኮት ይወጣሉ። መዘምራኑ መዝሙሩን ከመሀል ጥለውት ሄደዋል። ከተራራው አገር በአውቶቡስ የመጡት የሲቢ ዘመዶች ደግሞ ባሕሩ የመጣባቸው መስሏቸው ልጆቻቸውን አቅፈው ወደ መሠዊያው ይሸሻሉ። አንዷ አክስቱ ወንበር ላይ ወጥታ «ማርያም! ማርያም!» ትላለች።

አባቴ ላዛር ብቻ ከጎኔ አልተነቃነቀም። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ማዕበሉ ጀልባ አላስወጣ ብሎ፣ ቤታችን ዓሣ ከሸተተ ሰንብቷል። የዛሬውን ድግስ እንኳ ዘመድ አዝማድ ነው ያዋጣው። እና አባቴ አይሄድም! ምን ይሉኛል ብሎ! ይሄ ይሉኝታ የሚሉት ነገር ይጨርሰን!

የጀልባችን ቀዛፊ ፓትሮስ፣ ከራሱ ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ በበሩ ብቅ ይላል። «ጋሽ ላዛር! ምን ይገትርሃል? የደቡቦቹ ጀልባዎች እየመጡ ነው እኮ! ሊቀድሙን ነው!»

«ልጄን እየዳርኩ ነው፤ ሂድ ከዚህ!» ይላል አባቴ። አፉ እንዲያ ይበል እንጂ ድምፁ ሊያለቅስ ደርሷል። በኛ ሰፈር ወግ ደግሞ ባለቤቱ አፍንጫዋን ያልዳሰሳትን ጀልባ በቻካራ ቀን ማንም አይገፋም። እሱ ካልሄደ ጀልባችን እዚያው አሸዋ ላይ ትቀራለች።

ሲቢ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ይላል። ከተጫጨን ወዲህ ሁለቴ ብቻ ነው የተያየነው፤ ሁለቴም እናቱ መሀላችን ተቀምጠው። «ምንድን ነው ቻካራ?»

«ክረምት ባሕሩ ሲያብድ፣» እላለሁ በአንድ ትንፋሽ፣ «አንዳንዴ ከሥር ጭቃ ይነሣና አንዱ ቦታ ላይ ውሃው ጸጥ ይላል። ዓሣው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ጭራሽ የማይመጣበት ዓመት አለ። ቢመጣም ነገ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? የአባቴ እንጀራ እዚያ ውጭ ነው፣ እሱ እዚህ ቆሞልኛል!»

እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። የሲቢ ዘመዶች የሙሽራ እንባ መስሏቸው ከንፈራቸውን ይመጥጡልኛል።

ሲቢ እኔን ያያል፤ አባቴን ያያል። «ታዲያ ምን ያቆመናል?»

በዚያች ደቂቃ ወደድኩት። ከዚያ በፊት አልወደድኩትም ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

«ሲቢ!» እናቱ እማማ አናማ ይነሣሉ። «ማተብ ሳታስር ወዴት ነው?»

«እማ፣ መሠዊያው የትም አይሄድም። አባ፣ ስንመለስ ይጨርሱልናል አይደል?»

አባ ክሌመንስም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናቸው። «እዚሁ እጠብቃችኋለሁ፤ በሉ ሂዱ» ይላሉ። ወዲያው ደግሞ «ኧረ የምን መጠበቅ!» ብለው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከሁላችንም ቀድመው ይወጣሉ። አባቴ አዲሱን ጫማውን መሠዊያው ሥር ጥሎ ይከተላቸዋል።

ዶፉ ይወርዳል፣ እኛ እንሮጣለን። ባሕሩ ከግራም ከቀኝም እየተገለባበጠ ይጮሃል፤ መሀሉ ላይ ግን አንድ ሰፊ ቦታ፣ ጭቃ የመሰለ ውሃ፣ ዝም ብሎ ተኝቷል። ወይኔ ቻካራ! አባቴ የጀልባዋን አፍንጫ ዳስሶ ያማትባል፤ ወንዶቹም ትከሻቸውን ይሰጧታል። ሲቢም በሠርግ ልብሱ መሀላቸው ገብቷል።

«አንተ ሙሽራ! ከፊቷ ዞር በል፣ ትጨፈልቅሃለች!» ይላል ፓትሮስ። «የተራራችሁ ሻይ ቅጠል ለቀማ መሰለህ እንዴ?»

ጀልባዋ ድንገት ውሃው ላይ ትንሳፈፋለች። ሲቢ ጠርዟን አለቅም ብሎ ይንጠለጠላል፤ ፓትሮስ አንገትጌውን ይዞ ወደ ውስጥ ይወረውረዋል። ሄደ! የሰው ባል ሳይሆን ሄደ፣ ማተቤን በጁ እንደጨበጠ!

ውሃው እስከ ጉልበቴ ደርሷል። እማማ አናማ የሐር ልብሳቸው እላያቸው ላይ ተጣብቆ አጠገቤ ቆመዋል።

«እማማ፣ ዋና ይችላል?»

«ማን? ሲቢ? ገላውን ሳጥበው እንኳ በጩኸቱ ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር!»

ሳቄ ያመልጠኛል፤ ከዚያ ወደ ውሃው አንድ እርምጃ ጨምሬ እገባለሁ። ከደቡብ የመጡት ጀልባዎች ጥግ ጥጉን ይዘው ወደ መሀል ይቀዝፋሉ። አባቴ ግን ቀድሟቸዋል። ቆሞ መረቡን ሲያወርድ፣ ጀልባዋ ስትዞር፣ የመረቡ ክብ ሲገጥም ይታየኛል። ለአፍታ ምንም የለም። ከዚያ ውሃው ፈልቶ ይነሣል፤ ዓሣው በላይ በላዩ ይዘላል፤ ጀልባዋ በመረቡ ክብደት ትንጋደዳለች። ዳርቻው በእልልታ ይናጋል። እኔም ጮህኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ።

እማማ አናማ ክንዴን ጨምድደው ይይዙኛል። «ያቺ የኛ ናት? ንገሪኝ እንጂ! ያቺ ሙሉዋ የኛ ናት?»

«የኛ ናት እማማ! የኛ ናት!»

ይኼኔ ነው ያ ጅል ጀልባዋ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ኮቱን አውልቆ፣ ወዲህና ወዲያ እየተወላገደ ለእኛ ሲያውለበልብ ያየነው።

«ቁጭ በል አንተ!» አልን እኩል፣ እኔና እናቱ።

ከዚያ ሩቅ፣ በዚያ ዝናብ፣ ድምፃችን ሊደርሰው አይችልም። ግን ቁጭ አለ።