አንድ መደብ ለሁለት

እሸቴ ቁልፉን ከበሩ ጉበን ላይ አውርዶ ከፈተ። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ቁርበቱ ገና ይሞቃል። ሰውየው አሁን መውጣቱ ነው።

ዛሬም አልተገናኙም።

ሰባት ወር ሙሉ አንድ መደብ ላይ ሲተኙ እሸቴና ፈንታው ተያይተው አያውቁም። እሸቴ የነጋዴውን የእንድሪስን የእህል መጋዘን ሌሊት ይጠብቃል፣ ቀን ይተኛል። ፈንታው ዋጃ ላይ ጭነት ይሸከማል፤ ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው የጭነት መኪና፣ በትሬንታ ኳትሮ፣ ይሄዳል፣ ሲመሽ ይመለሳል። እንዲህ ያለችው የቤቱ ባለቤት እመት ደመቀች ናት።

በፊት እሸቴ ኪራዩን ብቻውን ይከፍል ነበር። ደመወዙ ከኪራይና ከሽሮ አያልፍም። ቤቱን ልተው ነው አላት።

«ለምን ለሁለት አትካፈሉትም?» አለችው በማግሥቱ። «አንድ ሰው አለ። አንተ ቀን፣ እሱ ሌሊት። ማን ከማን ይጋጫል?»

ተስማማ። በዚያው ሰሞን እሷም ራሷ ትኖርበት የነበረውን የፊተኛውን ክፍል ለጨው ነጋዴዎች አከራየች። ማደሪያዬ እህቴ ዘንድ ነው አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷ ለብድር በወለድ አገድ ተይዞ ሌላ ሰው ነው የሚያርሰው። ለማስለቀቅ ትለፋለች።

እሸቴ የሚለፋው ለአንድ በሬ ነው። ቆቦ ቆላ ላይ በሬ የሌለው በሰው እርሻ ላይ ያረጃል። አንድ በሬ ካለው ግን ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ ይቀናጃል፤ ጥንድ ካለ መሬት የሚሰጥ አይጠፋም። ሃምሳ ሊሞላው ነው። ከክረምት በፊት መግዛት አለበት።

ከተማው ሲነቃ እሱ ይተኛል፤ ከተማው ሲተኛ እሱ ከጆንያ ጋር ይቀመጣል። ሳምንት ሙሉ ከሰው ጋር አሥር ቃል የማይለዋወጥበት ጊዜ ነበር። እንዲያ ሆኖ ሳለ ነው ያላየውን ሰው የለመደው። እንስራው ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ቤቱ ተጠርጎ ያገኘዋል። አንድ ቀን የተቀደደ ጋቢው ተሰፍቶ ጠበቀው። ስፌቱ ደቃቅ ነው። ጭነት ተሸካሚ እንዲህ ይሰፋል ወይ ብሎ ብቻውን ሳቀ። እሱም ጥንቅሽ ትቶለት መሄድ ጀመረ። ጠዋት ሲመለስ ተበልቷል፤ ምጣጩም ተጠርጓል።

መጋቢት ላይ ትራሱ ቅቤ ቅቤ ሸተተው። አደስ የገባበት የፀጉር ቅቤ። ከሁለት ቀን በኋላ ከጋቢው ላይ ረጅም ፀጉር አነሣ።

ለእንድሪስ ነገረው። ሌላ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

«ባልንጀራህ ሴት ያስገባልሃላ» አለ እንድሪስ። «አንተ ግን የሰው ሙቀት ትሞቃለህ። በሬውንም እንደ መደቡ ግማሹን ልትገዛ ነው? ከቀንዱ ወገን ነው ከጭራው?»

እሸቴ ዱላውን አንሥቶ ወደ ጥበቃው ሄደ።

ሚያዝያ ላይ ደመቀች ሮቢት ለቅሶ ሄደች። አምስት ቀን ቆየች። አምስቱንም ጠዋት ቁርበቱ ቀዝቅዞ፣ እንስራው ጎድሎ ጠበቀው። ጥንቅሹ እንደተቀመጠ ደረቀ። በስድስተኛው ቀን ሲመጣ ደመቀች ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅማለች። ገብቶ ቁርበቱን ዳሰሰ። ይሞቃል። ትራሱም ይሸታል።

ገባው፤ የፈንታው ሴት ደመቀች ናት።

ተኛ፣ እንቅልፍ ግን እምቢ አለው። ኃጢአቱ አልነበረም ያናደደው። ሁለቱ ያሞቁትን እሱ ብቻውን እየመጣ ማቀዝቀዙ ነው። ቢወጣ ሌላ ቤት ሙሉ ኪራይ ይጠብቀዋል፤ በሬው ለከርሞ ይቀራል። ለከርሞ ደግሞ ጉልበቱ ይኑር አይኑር አያውቅም። ቢሆንም ተነሣ። ወጣ።

«እመት ደመቀች፣ ቤቱን ልለቅ ነው።»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «በሬውስ፣ አያ እሸቴ?»

«ይቅር።»

«ወር ተኩል ነው የቀረኝ ስትል አልነበረም? እኔም እኮ ሐምሌ ሳይገባ መሬቴን ካላስለቀቅኩ አለቀልኝ። ያንተን ኪራይ ነው የማየው።»

«ፈንታው አለልዎ። ሙሉውን ይክፈል። ለሁለታችሁ ይበቃል።»

«ለሁለታችን?»

«አፍንጫ አለኝ፣ እመት ደመቀች። እርስዎ ሮቢት ሲሄዱ እሱም ይጠፋል፤ እርስዎ ሲመጡ ይመጣል። ሰው መውደድ ነውር ነው አላልኩም። እኔ የምተኛበት ላይ ሆነና ከበደኝ።»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። አንድ መኪና ወደ አላማጣ አለፈ፤ አቧራው እስኪረግፍ ሁለቱም ጠበቁ።

«አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ» አለ እሸቴ። «ሰውየውን ይጥሩልኝና ልሰናበተው። ጋቢዬን ሰፍቶልኛል። ውሃ ሳያጓድል ሰባት ወር አብሮኝ ኖሯል። እንደ ሌባ ተደብቄ መውጣት አልፈልግም።»

ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወዲያ ወዲህ አየች፤ መንገዱ ላይ ማንም የለም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ፈንታው የሚባል ሰው የለም፣ አያ እሸቴ። መደቡ ላይ የማድረው እኔው ነኝ፣ ብቻዬን።»