ከእጅ የወጣ ኪኒን

የፋሂም እናት ዙቤይዳ ሰኞ ጠዋት ሞተች።

ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ባለው የአረጋውያን ማዕከል ግቢ ውስጥ፣ ለሱብሒ ሰላት ውዱእ ልታደርግ ቧንቧው ጋ ጎንበስ እንዳለች የቆየ የሚጥል በሽታዋ ጣላት። ጭንቅላቷ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ከዙሁር በኋላ ተቀበረች።

ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ኪኒን ከዋጠች በሽታው አይነካትም ነበር። ማዕከሉ በገባች በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልወደቀችም። ከክረምት ወዲህ ግን ይሄ ሦስተኛዋ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ፋሂም ጊንጆ ያለውን የብየዳ ሱቁን ዘግቶ ከታላቅ ወንድሙ ከቲጃኒ ጋር በባጃጅ ወደ ማዕከሉ ሄደ። ቲጃኒ ከሰቃ የመጣው የቡና ለቀማውን ጥሎ ነው። መንገዱን ሙሉ አፉ አላረፈም።

«ሰቃ ልውሰዳት ስል እምቢ አላችሁ።»

«እሷ ናት እምቢ ያለችው።»

«አንተ ነህ እንጂ ያስለመድካት! በየጁምዓው ማሂራን ይዘህ ብቅ ስትል የት ትሄዳለች?»

ፋሂም ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን ማሂራን የሚያሳድገው ብቻውን ነው።

«ልጅቷስ እንዴት ናት?» አለ ቲጃኒ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ትምህርት ቤት ገብታለች።»

«ዓምና ያቺ መምህርት ፈርታ መልሳት አልነበር?»

«ዘንድሮ ተቀብላታለች።»

«አልሐምዱሊላህ። እንዲያው አንድ ደግ ወሬ እንኳ ይሁን።»

የማዕከሉ ኃላፊ አቶ ደሬሳ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቃቸው። በዙቤይዳ ስም ትይዩ ጠዋትም ማታም ፊርማ አለ። አንድም ቀን አልተዘለለም። ፊርማው የተንከባካቢዋ የእታገኝ ነው።

«ሐኪሙ ያለውን ሰምታችኋል» አለ ደሬሳ። «ኪኒኑ ሆዳቸው ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሦስቴ ባልወደቁ።»

እታገኝ ተጠራች። ሰማያዊ ጋዋኗን እንደለበሰች በሩ አጠገብ ቆመች።

«ሰጥቻቸዋለሁ» አለች።

«ሲውጡ አይተሻል?» አላት ደሬሳ።

«ውሃውን ሲጎነጩ አያለሁ።»

«ሲውጡ ነው ያልኩሽ።»

«አቶ ደሬሳ፣ እናቴ ይሆናሉ እኮ። አፍዎን ይክፈቱ፣ ምላስዎን ያንሱ ልበላቸው? ትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል? ውሃቸውን ጠጥተው ይመርቁኛል፣ አሜን ብዬ ወደሚቀጥለው አልጋ አልፋለሁ። ከእጄ ሲወጣ እፈርማለሁ። እዚህ ሁላችንም የምንሠራው እንደዚሁ ነው።»

ቲጃኒ ሳቅ አለ፤ የደስታ ሳቅ አይደለም።

«ይሄ ኪኒን ከጅማ ፋርማሲዎች ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከክረምት ወዲህ የለም» አለ ደሬሳ። «ለእኛ የሚመጣልን በጤና ጣቢያው በኩል ነው።»

«ሰቃ ገበያ ግን በጓሮ ይሸጣል። ከሰማይ ነው የሚወርደው?»

«ኧረ እግዜርን ፍራ! ቦርሳዬ ያውልህ፣ ፈትሸው።»

«አቦ፣ ከተሸጠ በኋላ ቦርሳ ምን ያደርግልኛል?»

እታገኝ ወደ ፋሂም ዞረች። ድምፅዋ ተለወጠ።

«ፋሂም፣ አንተ ታውቀኛለህ። በየሳምንቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ትቀመጣለህ። አንድ ቀን ኪኒን ቀረብኝ ብለውህ ያውቃሉ?»

«አላሉኝም።»

«እስቲ ንገራቸው! ሁለት ልጆች አሉኝ። መድኃኒት ሰረቀች የተባለችን ሴት ማን ቤቱ ያስገባታል?»

ፋሂም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። አንድ ሽማግሌ ቧንቧው ጋ ኩባያ ያለቀልቃሉ። ሲሚንቶው ታጥቧል።

ደሬሳ አንድ ወረቀት ገፋ አደረገ። ፖሊስ ጣቢያ መመላለሱ ለማንም አይበጅም አለ። ሁለቱ ወንድማማቾች አቤቱታው ላይ ከፈረሙ ሠራተኛዋ ዛሬውኑ ትሰናበታለች። ካልፈረሙ በማስጠንቀቂያ ትቀጥላለች።

ቲጃኒ ሳያነብ ፈረመ። እስክሪብቶውን ለወንድሙ አቀበለ።

ፋሂም ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው። «የታማሚዋን መድኃኒት ለሌላ ሰው አሳልፋ በመስጠት» ይላል። እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«በል እንጂ» አለ ቲጃኒ። «ለእናትህ ነው።»

ፈረመ።

እታገኝ አላለቀሰችም። ጋዋኗን አወለቀች፣ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። በሩ ጋ ስትደርስ ፋሂምን አየችው።

«አላህ ይርሐማቸው» ብላ ወጣች።

ቲጃኒ ወደ ሰቃ ተሳፈረ። ፋሂም ጊንጆ ደርሶ ማሂራን ከጎረቤት ወሰደ፣ እራቷን አበላት፣ እግሯን አጠባት።

መግሪብን ከሰገደ በኋላ፣ እናቱ ከምላሷ ሥር እያወጣች አጠራቅማ በየጁምዓው በመዳፉ ካስጨበጠችው ኪኒን የቀሩትን ዘጠኙን አወጣ፤ አንዱን ለሁለት ሰበረና፣ መውደቅ ካቆመች አራት ወር ለሆናት ልጁ ግማሹን በማር ለውሶ አስዋጣት፤ አፏንም አስከፍቶ ምላሷን አስነስቶ አየ።